ሞተር ያለበትን የኋላ ጎማ መንገድ ላይ ከመፍታትዎ በፊት

ጥያቄ፦ የኋላ ጎማው ላይ ሞተር ያለው ኤሌክትሪክ ብስክሌት አለኝ። የሥራ መሣሪያ ሣጥኔን ከኋላ መጫኛው ላይ በላስቲክ አስሬ ነው የምሄደው፤ ወደ 22 ኪሎ ይሆናል። በአንድ ወር ውስጥ የኋላ ጎማዬ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ፣ አንድ ራጂም ተሰበረ። ባለፈው መንገድ ዳር ጎማውን ፈትቼ ካላማዳሪያ ቀይሬ ከገጠምኩ ወዲህ ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይነሳም። ምን ላድርግ? መንገድ ላይስ ምን ይዤ ልውጣ?

መልስ፦ ከሞተሩ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። መንቀጥቀጡ የመጣው ጎማው ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ ስለሆነ፣ ሁለት ነገር ሳያዩ ብስክሌቱን እንዳይነዱት እለምንዎታለሁ፤ የሞተሩን ኮኔክተር (ገመዱ የሚሰካበትን መገጣጠሚያ) እና የፐርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ) ሮንዴላዎች።

ከሞተሩ የሚወጣው ገመድ በውስጡ ብዙ ሽቦዎች ይዟል። ሦስቱ ወፍራሞች ለሞተሩ ኃይል ያደርሳሉ። ከቀጫጭኖቹ መካከል የሆል ሴንሰር ሽቦዎች አሉ፤ ሞተሩ በዚያች ቅጽበት በየት አቅጣጫ እንደቆመ ለኮንትሮለሩ፣ ማለትም ለሞተሩ ኃይል ለሚመጥነው ሣጥን፣ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ኮኔክተሩ በደንብ ካልገባ ወይም ከእግሮቹ አንዱ ከተጣመመ ኮንትሮለሩ ኃይሉን ያለሰዓቱ ይሰጣል። እርስዎ የሚሰማዎት መንገጫገጭ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ባትሪውን ያውጡና ኮኔክተሩን ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ይንቀሉት። ብርሃን ላይ አድርገው ይዩት። እግሮቹ የልብስ መርፌ ያህል ቀጭን ናቸው፤ አንዱ ዘንበል ብሎ ካገኙት በጠባብ ፒንሳ ቀስ አድርገው ያቅኑት። በሁለቱም ወገን ላይ ብዙ ጊዜ የቀስት ምልክት አለ፤ ቀስቶቹን ፊት ለፊት አግጥመው መልሰው ይግፉት። በላዩ ላይ የመግቢያ ልክ የምታሳይ መስመር ካለች እሷ እስክትደርስ ድረስ ነው የሚገፋው። መንገድ ዳር፣ እጅ ግራሶ ነክቶት፣ ሰው «ገብቷል» ብሎ የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሚሊሜትር ሲቀረው ነው።

የሮንዴላው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። የተራ ብስክሌት ፐርኖ ጎማውን ከመያዝ ውጪ ሥራ የለውም። የሞተር ፐርኖ ግን ሞተሩ ጎማውን ወደፊት ሲያሽከረክር እሱ ወደ ኋላ ለመዞር ይታገላል። እንዳይዞር የሚያደርጉት ሁለት ጎኑ መላጣ መሆኑና ጥርስ ያላት ሮንዴላ ናት። ጥርሷ ፐርኖው በሚቀመጥበት የፍሬም አፍ ውስጥ መግባት አለባት። ተገልብጣ ከተገጠመች ወይም ከተረሳች ዳዶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ገጥሞ ከነጭነቱ ዳገት ሲወጣ ፐርኖው ፍሬሙ ውስጥ ዞረበት። ገመዱን ሳየው እንደተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ተጠምዝዞ ሽፋኑ ተልጧል፣ የፍሬሙ አፍም ተበልቷል። ሞተሩን ከፍቼ ገመድ ስቀይር ዋልኩ። ጎማው እዚያው ከፍሬሙ ሳይወጣ በመቅረቱ ዛሬም ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ዳዶዎች ይፍቱ፣ ጥርሷ ቦታዋን መያዟን በጣትዎ ይዳስሱ፣ ከዚያ ያጥብቁ። የአምራቹ መመሪያ ካለዎት በእሱ ልክ፣ ከሌለዎት በ40 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። በብዙ ብስክሌቶች ላይ ዳዶው 18 ቁጥር ነው። ገመዱ ከፐርኖው እንደወጣ ትንሽ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከዚያ ወደ ላይ እንዲመለስ ያድርጉት፤ ውሃ በገመዱ ተከትሎ ወደ ሞተሩ አይገባም።

አሁን ወደ ጭነቱ እንመለስ፤ ምክንያቱም ሁለቱም የጎማ መተንፈስና የራጂው ስብራት መነሻቸው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። የነቀሉት ካላማዳሪያ እጅዎ ላይ ካለ ቀዳዳውን ይዩት። ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ስንጥቅ ካለው እሾህ አይደለም የበሳው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ካላማዳሪያው በቸርኬውና በመሬቱ መካከል ተቆንጥጦ ነው። ይህ የሚሆነው ንፋስ ሲያንስ ነው። የእርስዎ የኋላ ጎማ የራስዎን ክብደት፣ 22 ኪሎ ሣጥንና በውስጡ ያለውን ሞተር ይሸከማል፤ ብቻዎን ሲነዱ የሚበቃው ንፋስ ለዚህ አይበቃም። በኮፐርቶኑ ጎን ላይ ከፍተኛው፣ ብዙ ጊዜም ዝቅተኛው የንፋስ ልክ ተጽፏል። ጭነት ሲኖርዎት የኋላውን ወደ ከፍተኛው ያስጠጉት፣ ሳያልፉት። በአውራ ጣት ተጭኖ መገመት አይበቃም፤ ወፍራም ኮፐርቶን ያታልላል።

መጫኛው ላይም የተቀረጸ ቁጥር ይፈልጉ። 10፣ 18፣ 25 ወይም 27 ኪሎ የሚል ሊሆን ይችላል። 18 ከሆነ በ22 ኪሎ ሲነዱበት ከርመዋል ማለት ነው፤ የብየዳውን ቦታ ሁሉ ለስንጥቅ ይፈትሹ። ቁጥሩ ቢፈቅድ እንኳ ሣጥኑን አናቱ ላይ መጫን አልወድም። ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ብስክሌቱን ያወዛውዛል፣ ከፐርኖው ወደ ኋላ ካለፈ ደግሞ የፊት ጎማውን ያቀልለዋል፤ መሪው እጅ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። መሣሪያዎቹን ከሣጥኑ አውጥተው በሁለት የጎን ቦርሳ ይክፈሏቸው። መዶሻውና ትልልቁ መፍቻ ታች፣ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ፤ ቀላሉ ላይ። ግራና ቀኙ በክብደት ይቀራረብ፤ ተረከዝዎ ፔዳል ሲመቱ ቦርሳውን እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ።

ላስቲኩን ይተዉት። ላስቲክ በየጉድጓዱ ይሳባል፣ ይላላል፣ መንጠቆው ይወልቃል፤ አንድ ጫፉ ራጂ ውስጥ ከገባ ጎማው ባለበት ይቆማል፣ እርስዎ አይቆሙም። የማይለጠጥ ባለ ዘለበት ቀበቶ ይጠቀሙና የተረፈውን ጫፍ ጠቅልለው ይቋጩት። ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ወርደው አንድ ጊዜ ይፈትሹት፤ ጭነት የሚረጋው ከተነዳ በኋላ ነው።

ስለ ራጂው፦ አንዱ ሲሰበር የሱን ሸክም ጎረቤቶቹ ይወስዱታል፣ ከዚያ ተራ በተራ ይሄዳሉ። አንዱን ተክቶ መተው ስለማይበቃ ሙሉ ጎማውን ለባለሙያ ሰጥተው የሁሉንም ውጥረት ያስተካክሉ። የሞተር ጎማ ራጂ ከተራው አጭርና ወፍራም ስለሆነ በልኩ የተቆረጠ ሁለት መለዋወጫ በናስትሮ ፍሬሙ ላይ አስረው ይያዙ። መንገድ ላይ ከተሰበረ ስብራቱን ከጎረቤቱ ራጂ ጋር ጠቅልለው ይሰሩት። ቸርኬው ፍሬሙን የሚነካ ከሆነ በተቃራኒው ወገን ያሉትን ሁለት ጎረቤቶች ግማሽ ዙር ያላሏቸው፤ ቀስ ብለው ቤት ይገባሉ።

እንግዲህ ጎማው መንገድ ላይ ቢተነፍስስ? ዋናው ምክሬ ጎማውን አይፍቱት ነው። ካላማዳሪያ ለመለጠፍ ጎማ መፍታት ግዴታ አይደለም። ኃይሉን ያጥፉ፣ ባትሪውንና ጭነቱን ያውርዱ፣ ብስክሌቱን ካቴናው ወደ ላይ እንዲሆን በግራ ጎኑ ያስተኙት። አይገልብጡት፤ የብስክሌቱ ክብደት መሪው ላይ ያለውን ዲስፕሌይና ማብሪያዎቹን ይሰብራል። ጎማውን በቀስታ እያዞሩ እሾሁን ወይም ምስማሩን ይፈልጉ። ሲያገኙት ከመንቀልዎ በፊት ቦታውን ምልክት ያድርጉ። እዚያ አካባቢ ብቻ የኮፐርቶኑን አንድ ወገን ከቸርኬው ያስለቅቁና ካላማዳሪያውን አንድ ስንዝር ያህል ስበው ያውጡት። ቀዳዳው ካልታየ ትንሽ ነፍተው ከንፈርዎ አጠገብ ያስጠጉት፤ ጆሮ ያልሰማውን ንፋስ ከንፈር ይሰማዋል።

ከዚያ ቀዳዳውን ዙሪያ በሸካራ ወረቀት ይፈግፍጉት፣ ማስቲሹን ስስ አድርገው ከልጥፉ ሰፋ ባለ ቦታ ይቀቡት፣ ይጠብቁ። ብዙ ልጥፍ የሚለቀው እዚህ ነው። ማስቲሹ እርጥብ እያለ የተለጠፈ አይይዝም፤ ማብረቅረቁ ጠፍቶ ደብዘዝ እስኪል አምስት ደቂቃ ያህል ይስጡት፣ ከዚያ ለጥፈው በመፍቻ ጀርባ አጥብቀው ይጫኑት። በሚጠብቁበት ጊዜ የኮፐርቶኑን ውስጥ በጣት ጫፍ ይዳስሱት፤ የተሰበረ የእሾህ ጫፍ እዚያ ከቀረ አዲሱን ልጥፍ በመጀመሪያው መቶ ሜትር ይበሳዋል። ጎማውን መፍታት ግድ የሚሆነው የካላማዳሪያው የንፋስ መግቢያ (ቫልቩ) ሥሩ ላይ ሲቀደድ ነው። ያን ጊዜ አንድ ዳዶ ሳይነኩ በፊት የሁለቱንም ወገን ሮንዴላዎች ቅደም ተከተል በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

ሌሎቹን ባጭሩ። ጉድጓድ ሲመቱ ዲስፕሌዩ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ባትሪው ቦታው ላይ ተላልቶ ነው፤ አውጥተው መልሰው እስኪቆለፍ ይግፉት። ሞተሩ እንቢ ሲል የፍሬን እጀታዎቹን ወደ ፊት ገፋ ያድርጓቸው፤ በብዙ ብስክሌቶች እጀታ ውስጥ ሞተሩን የሚያቋርጥ ማብሪያ አለ፣ እጀታው ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ፍሬን የያዙ ይመስለዋል። ዳገት ላይ በጭነት ከጠፋ ደግሞ ባትሪው ሳያልቅ ቮልቴጁ ወርዶ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው የ48 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 54.6 ቮልት ነው፤ ሲደክምና ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ኮንትሮለሩ ያቋርጠዋል። ትንሽ አሳርፈው በዝቅተኛው እርዳታ፣ በቀላል ማርሽ ይሞክሩ። ካቴና ከተበጠሰ የእርስዎ ሞተር ጎማው ላይ ስለሆነ፣ የእጅ ጋዝ ካለው ቤት ያደርስዎታል፤ ሞተራቸው ፔዳሉ ጋር የሆነ ግን ይገፋሉ።

ከወደቁ ባትሪውን ይዩ። ከተሰነጠቀ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ያልተለመደ ሽታ ካለው ቻርጅ አያድርጉት፣ ቤት ውስጥም አያሳድሩት። ዝም ብሎ ደህና ቢመስል እንኳ በዚያ ሌሊት ተኝተው ቻርጅ ላይ አይተዉት።

የሚይዙት ዕቃ አንዲት ቦርሳ አይሞላም። 18 ቁጥር መፍቻ፣ የኮፐርቶን ማስለቀቂያ ሁለት፣ ልጥፍና ማስቲሽ፣ አንድ ካላማዳሪያ፣ መንፊያ፣ የአለን ቁልፎች፣ ጠባብ ፒንሳ፣ የካቴና ማያያዣ፣ ናስትሮና የፕላስቲክ ማሰሪያ። ማስቲሹን በየጊዜው ይፈትሹት፤ አንዴ የተከፈተ ቱቦ በራሱ ይደርቃል።

ኮኔክተሩንና ሮንዴላዎቹን አስተካክለው ሲጨርሱ ባትሪውን መልሰው የኋላ ጎማውን ከመሬት ያንሱና በዝቅተኛው እርዳታ ያሽከርክሩት። ለስልሶ ከዞረ ያለ ጭነት ጥቂት ነድተው ዳዶዎቹን እንደገና ያጥብቁ። አሁንም ከተንቀጠቀጠ የሆል ሴንሰሩ ወይም ገመዱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ጋራዥ እየነዱ ሳይሆን ኮኔክተሩን ነቅለው፣ እየገፉ ይውሰዱት።