ካንት ከከተማው ወጥቶ አያውቅም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጓደኞቼ ሁሉ አዲስ አበባ ገብተዋል። እኔ የአባቴን ሱቅ ትቼ መሄድ ስላልቻልኩ እዚሁ ጅማ ቀረሁ። ካንት የሚባለው ፈላስፋ ዕድሜውን ሙሉ ከከተማው አልወጣም ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? አንድ ቦታ የተቀመጠ ሰው ስለ ዓለም ምን ያውቃል?
(ከሒርማታ)

መልስ፦ ልጄ፣ ግማሹ እውነት ነው። ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1724 ኮኒግስበርግ ተወለደ፤ በ1804 እዚያው ሞተ። ከተማዋ ዛሬ የሩሲያ ናት፤ ካሊኒንግራድ ትባላለች። አባቱ የፈረስ ዕቃ ከቆዳ የሚሠራ ባለሙያ ነበር። አባቱ ከሞተ በኋላ ካንት ለእንጀራው ሲል በየገጠሩ በሰው ቤት እየተቀመጠ ልጆች ያስተምር ነበር። አንዱ ቤት ከከተማው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ወጥቷል። ከተማው ካለበት ክፍለ ሀገር፣ ከምሥራቅ ፕሩሺያ፣ ግን አላለፈም። በ1778 የሃሌ ዩኒቨርሲቲ ከፍ ባለ ደመወዝ ቢጠራውም እምቢ አለ።

ደግሞ በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ባሕታዊ እንዳይመስልህ። ኮኒግስበርግ ወደብ ነበረች። የልብ ወዳጁ ጆሴፍ ግሪን እንግሊዛዊ ነጋዴ ነበር። ካንት ምሳ ብቻውን መብላት አይወድም፤ እንግዳ ጠርቶ ጨዋታው ለሰዓታት ይቀጥላል። እንደ ኮኒግስበርግ ባለች የንግድ ከተማ የሚኖር ሰው ሳይጓዝም ሰውንና ዓለምን ማወቅ እንደሚችል በ1798 ጽፏል። አንተም እኮ ሱቅ ውስጥ ነህ። የጌራና የሊሙ ቡና ሻጭ፣ የዳውሮ ነጋዴ፣ የአዲስ አበባ ሾፌር ደጃፍህን ይረግጣል። ጠይቃቸው።

የማልምረው አንድ ነገር አለ። ካንት ጂኦግራፊን ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ከመንገደኞች መጻሕፍት እየቃረመ ነው። በ1764 ስለ ጥቁር ሕዝብ የጻፈው ነውር ነው። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ያለውን ሳይመረምር ተቀብሎ አስተጋባ። ከ20 ዓመት በኋላ «በራስህ አእምሮ ለመጠቀም ድፈር» ያለው ይኸው ሰው ነው! በ1795 አውሮፓውያን በሰው አገር የሚፈጽሙትን ግፍ አጥብቆ ነቅፏል፤ ይህን አልክድም። ለእኔ ግን የቀደመውን አያጥበውም።

ወዳጆቼ «የዘመኑ ሰው ነው፣ ተወው» ይሉኛል። አልተወውም። ዛሬ ጋና በምንለው አገር የተወለደው ጥቁር ፈላስፋ አንቶን ቪልሄልም አሞ በ1730ዎቹ ጀርመን ውስጥ ያስተምር ነበር። የት መሰለህ? ካንትን በጠራው በዚያው በሃሌ። ይህን ለማወቅ መርከብ መሳፈር አያስፈልግም ነበር።

ማንበብ ከፈለግህ በ1784 «ብርሃነ አእምሮ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ በሰጠው መልስ ጀምር። ጥቂት ገጽ ናት፤ አንድ ከሰዓት ይበቃታል። የ1781ዱ ትልቁ መጽሐፉ፣ «የንጹሕ አእምሮ ሒስ»፣ ከ800 ገጽ በላይ ነው። እሱን ለክረምት አቆየው፤ ዝናቡ ሲከብድ ገበያው ይቀዘቅዝልሃል።