ጦር ለምትወረውሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ሰሞኑን እዚሁ ደሴ ወጣቶች ብረት የሚያነሱበት አንድ ግቢ ገብቼ ነበር። በቆርቆሮ ጣሳ ሲሚንቶ ሞልታችሁ፣ መሀሉ ላይ የውሃ ቱቦ ሰክታችሁ የሠራችሁትን ክብደት ሳይ ልቤ ሞቀ። እኛም እንዲሁ ነበር የጀመርነው። ልወጣ ስል አንዱ ልጅ ተከትሎኝ መጣና፦ «ጋሼ፣ መቶ ኪሎ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ቁጢጥ ብዬ እየተነሳሁ ስኳት እሠራለሁ፤ ጦሬ ግን ከአምና ወዲህ አንድ ሜትር አልጨመረም» አለኝ። መንገድ ላይ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ ነው ይህን የምጽፈው።

የወንዶች ጦር 800 ግራም፣ የሴቶች 600 ግራም ነው። ከአንድ ኪሎ ስኳር ይቀላል። ያን ቀላል ነገር 90 ሜትር ለማድረስ ግን ከእጅ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። የመጨረሻዋ እግር መሬት ከነካችበት ጦሩ እጅ እስከሚለቅበት ያለው ጊዜ ደግሞ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያነሰ ነው። ጡንቻ ያለውን ጉልበት ሙሉ በሙሉ ለማውጣት ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። መቶ ኪሎ ተሸክሞ ቀስ ብሎ የሚነሳ ልጅ ጉልበት አለው፤ ጉልበቱ ሲደርስ ግን ጦሩ ሄዷል። አሰልጣኞች ኤክስፕሎሲቭ ፓወር የሚሉት በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ የሚደርሰውን ጉልበት ነው።

ከቆቦም ይሁን ከሐርቡ፣ ከቆላ የመጣችሁ ልጆች ነገሩን ታውቁታላችሁ። ማሽላ ሲያሽት ወፍ የጠበቀ ልጅ ወንጭፉን በክንዱ ብቻ አይወረውርም። እግሩን ይተክላል፣ ወገቡ ይዞራል፣ ደረቱ ይከተላል፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ክርኑ፤ የእጁ አንጓ መጨረሻ ነው። ክንዱን ያስቀደመ ልጅ ድንጋዩ እዚያው አጠገቡ ይወድቃል። ጦርም ሕጉ ይኸው ነው።

ይህን ቃል በቃል አውቀው ነበር፤ ሆኖም አንድ ጎበዝ ልጅ በእጄ ተበላሽቶብኛል። ትልቅ ውድድር ሦስት ወር ሲቀረው በሳምንት አራት ቀን ከባድ ብረት አሸከምኩት። የሚያነሳው ኪሎ በየሳምንቱ ሲጨምር እኔም እሱም ተደሰትን። ሳምንት ሲቀረው እንኳ አላሳረፍኩትም። በውድድሩ ዕለት፣ በልምምድ ከሚወረውረው አራት ሜትር አንሶ ወጣ። ልጁ ራሱን ወቀሰ፣ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። እግሩን አደንድኜ አቀርፍፌው ነበር። ያን ፊት ዛሬም አልረሳውም።

ዓይኔን ከብረቱ አንስቼ መሬቱን ማየት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም እዩት። ዝናብ ባቆመ ማግስት፣ አፈሩ ገና ረጠብ እንዳለ፣ ከወረወራችሁ በኋላ ተመልሳችሁ የግራ ተረከዛችሁን አሻራ ፈልጉ (ግራኞች የቀኙን)። ጉልበቱ የታጠፈበት ልጅ አሻራው ይጎተታል፤ ስንዝር ያህል ተንሸራቶ ጫፉ ላይ ጭቃ ይቆለላል። እግሩን ቀጥ አድርጎ የተከለ ልጅ አሻራው አጭርና ጥልቅ ነው፣ ተረከዙ አፈሩን እንደ ዶማ ነክሶታል። የሩጫው ፍጥነት በዚያች እግር ላይ ድንገት ሲገታ ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ትከሻ ይወጣል። ጉልበት ሲታጠፍ ግን እዚያው መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ የእግር ብረት የምትሠሩት ያንን ድንገተኛ ግጭት ሳትታጠፉ እንድትችሉት ነው። በአንድ እግር ስኳት ሥሩ፤ ጉልበት ከሚደርስ ነገር ላይ ወርዳችሁ ሳትሰምጡ ማረፍን ተለማመዱ።

ውድድር ሩቅ በሆነበት ወቅት ከባዱን አንሱ፦ ስኳት፣ ብረት ከመሬት ማንሳት፣ በአንድ ዙር ከ4 እስከ 6 ጊዜ፣ በዙሮች መካከል 3 ደቂቃ እረፍት። እረፍቱን አትስረቁት። ጥቂት ወራት እንዲህ ከሄዳችሁ በኋላ ከምትችሉት ወደ ግማሽ አውርዱና በፍጥነት አንሱ። ክሊን (ብረቱን ከመሬት በአንድ ፍጥነት እስከ ትከሻ ማንሳት) እና ስናች (በአንድ ፍጥነት ከራስ በላይ ማድረስ) እጅግ ይጠቅማሉ፣ ግን የሚያርማችሁ ሰው ሳይኖር አትጀምሯቸው። ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚመዝን ሜዲሲን ቦል (ለልምምድ የሚሠራ ከባድ ኳስ) በሁለት እጅ ከራስ በላይ ወርውሩ፤ ከሌለ አሮጌ ኳስ አሸዋ ሞልታችሁ ስፉት። ፍጥነታችሁ ሲቀንስ ዙሩን እዚያው አቁሙ። ሰውነት ደክሞ የሠራውንም ይማራልና፣ ያኔ የሚማረው መንቀርፈፍን ነው። ውድድር ሁለት ሳምንት ሲቀረው የብረቱን ብዛት በግማሽ ቀንሱ፣ ፍጥነቱን ግን ጠብቁ። ገና 14 እና 15 ዓመት የሆናችሁ ከባድ ብረት አይቅረባችሁ፤ ዝላይ፣ ፑሽ አፕና ስልት ይበቃችኋል።

ወሎ ውስጥ ግማሻችሁ ረመዳንን፣ ግማሻችሁ ሁዳዴን ትጾማላችሁ። አብሽሩ፣ የገነባችሁት ጉልበት በጾም ወቅት አይፈርስም። በጾም ከባዱን በሳምንት አንድ ቀን አድርጉት፣ ብትችሉ ከኢፍጣር በኋላ። የሁዳዴ ጿሚዎች ሽሮውንና ምስሩን አብዙ።

«የእኛ አገር የሯጭ ነው» የሚሏችሁ ይኖራሉ። ኬንያስ የማን አገር ናት? ጁሊየስ ዬጎ ስልቱን ከዩቲዩብ ቪዲዮ እያየ ተምሮ፣ በፈረንጆች 2015 ቤጂንግ ላይ 92.72 ሜትር ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክን በ92.97 ያሸነፈው አርሻድ ናዲም ከፓኪስታን ነው፤ እዚያ የሚወደደው ክሪኬት እንጂ ጦር አልነበረም።

ክርናችሁን አደራ። ጦሩን ስትለቁ ክርን ከትከሻ በታች ከወረደ የውስጡ ጅማት ይጎዳል። ከውስጥ በኩል ሕመም ከተሰማችሁ የዚያኑ ዕለት አቁሙ፤ አሽታችሁ ወይም መርፌ ተወግታችሁ አትቀጥሉ። በኃይል የምትወረውሩበት ቀን በሳምንት ሁለት ይሁን፣ መሀላቸውም ቢያንስ ሁለት ቀን ይረፍ።

አንተ መቶ ኪሎ የምትሸከመው ልጅ፣ ለሦስት ሳምንት ወደ ሃምሳ አውርደውና እንደ ዝላይ አንሳው። ከዚያ ዝናብ በጣለ ማግስት ጠዋት ጦርህን ይዘህ ሜዳ ና። እኔ አለሁ፤ ተረከዝህን አብረን እናያለን።