ድርጅታችን ተሸጠ፣ እኔም አብሬ ተሸጥኩ ማለት ነው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ምኖረው ሀዋሳ ነው፣ አንድ የዱቄትና ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ስቶር ኪፐር ሆኜ 7 ዓመት ሞልቶኛል፣ ደመወዜ 9 ሺ ብር ነው። ባለቤቱ እንደ አባት ናቸው፣ ሰው ሲታመም በራሳቸው መኪና ነው ሚያደርሱት፣ ካመሸን የባጃጅ ይሰጡናል፣ ለፍቼና ለፋሲካ ዱቄትና ዘይት ቀርቶ አያውቅም። አሁን ደክሞኛል ብለው አዲስ አበባ ላለ ትልቅ ካምፓኒ ሸጡት። ባለፈው ሳምንት ኤችአሮቹ መጡና ካንቲን ሰብስበው በፕሮጀክተር ምናምን አሳዩን፣ "እንኳን ቤተሰባችንን ተቀላቀላችሁ" አሉና ሲጨርሱ ሁለት ወረቀት አደሉን፣ አንዱ "በገዛ ፈቃዴ ስራ ለቅቄያለሁ" ይላል፣ ሌላው አዲስ ቅጥር ነው 60 ቀን ሙከራ ያለው። ፎርማሊቲ ነው አሉን። እኔ ደሞ ዲፕሎማ ነው ያለኝ፣ እነሱ ጋ ለስቶር ዲግሪ ነው ሚፈለገው እየተባለ ይወራል፣ የዕቃውን ገቢ ወጪ ምንጽፍበት ቢን ካርድ ቀርቶ ሁሉም በሲስተም ይሆናል ተብሏል፣ አዲስ ዋስም አምጪ ተብያለሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ልፈርም ወይስ ቀድሜ ልውጣ?
የስቶሯ ልጅ፣ ከሀዋሳ

መልስ፦

እህቴ፣ ያንን የመጀመሪያውን ወረቀት እንዳትፈርሚ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን፣ "በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ" የሚለውን ግን ቤትሽ ውሰጂውና መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

እንዲህ ምልሽ ደርሶብኝ ነው። በ2005 ዓ.ም አዳማ እሰራበት የነበረ ድርጅት ሲሸጥ እኛንም ልክ እንዳንቺ ሰብስበውን ነበር፣ ፕሮጀክተር አልነበረም እንጂ ለስላሳና ኬክ ነበረ፣ እኔ ኬኩን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ፈረምኩ። 9 ዓመቴ በዛች ፊርማ ጠፋ። ያወቅኩት ደሞ ከወራት በኋላ የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ ነው፣ በዛን ጊዜው ሕግ 22 ቀን ደርሶልኝ የነበረው ወደ 14 ተመልሷል፣ ልጅቷ ኮምፒውተሯን ወደኔ አዙራ "አዲስ ሰራተኛ ነዎት እኮ ጋሼ" አለችኝ። ምን ልበላት፣ ፊርማው የኔ ነው።

አሁን ሕጉ ምን ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅት ቢቀላቀል ቢከፋፈል ባለቤቱ ቢቀየር የሥራ ውል በዛ ምክንያት አይለወጥም፣ አይቋረጥምም ይላል። ማለት አንቺ አልተሸጥሽም፣ ውልሽ ከነ 7 ዓመቱ ወደ ገዢው ይሻገራል። ውሉ ከቀጠለ ደሞ የ60 ቀኑ ሙከራ ከየት ይመጣል? ሙከራ ላይ ያለ ሰው ብቁ አይደለም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ ያለ ስንብት ክፍያ ይሰናበታል፣ ፎርማሊቲ የተባለው ይሄ ነው እንግዲህ።

በብር እንየው። ሰው ቀነስን ቢሉሽ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዛ በላይ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ፣ ያንቺ 7 ዓመት ስለዚ 90 ቀን ይሆናል፣ በቀን 300 ብናስበው 27 ሺ ብር፣ በቅነሳ ሲሆን የ60 ቀን ይጨመርበታል፣ 18 ሺ፣ በድምሩ 45 ሺ። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም አለሽ። ያንን ወረቀት ከፈረምሽ በኋላ ግን "በፈቃዷ ወጥታ አዲስ የተቀጠረች" ነሽ፣ 19 ቀን የደረሰው የዓመት ፈቃድሽም ወደ 16 ይወርዳል። አይ የእስካሁኑን ስንብት ከፍለን ነው እንደ አዲስ ምንጀምረው ካሉ ሌላ ሂሳብ ነው፣ ስንት እንደሆነ በጽሁፍ ይስጡሽና ቁጭ ብለሽ አስቢው።

በነገራችን ላይ ገዢው አክሲዮኑን ብቻ ገዝቶ ከሆነ አሠሪሽ ያው የድሮው ድርጅት ነው፣ እንኳን መልቀቂያ አዲስ ውልም አያስፈልግም።

እኔን ካንቺ ደብዳቤ ይበልጥ ያስፈራኝ ግን አንቺ ያልጠየቅሽው ነው፣ ቆጠራው። ድርጅት ሲሸጥ ስቶር ይቆጠራል፣ ሲቆጠር ይጎድላል፣ የጎደለው ደሞ የስቶር ኪፐሯ ነው ሚሆነው። ዱቄት ስትሰሪ ታውቂዋለሽ፣ የተቀደደ ጆንያ አለ፣ እርጥበት የበላው አለ፣ "ነገ እፈርማለሁ" ብሎ ሁለት ካርቶን ብስኩት ይዞ የሄደ ሴልስም አይጠፋም። ስለዚ የአዲሶቹ ኦዲተር ከመምጣቱ በፊት የድሮው ባለቤት ባሉበት ራስሽ አስቆጥሪ፣ የተበላሸው በቃለ ጉባኤ ይወገድ፣ ቢን ካርዱ ከመደርደሪያው ጋር ይታረቅ፣ ከዛ እሳቸው ይፈርሙበትና ኮፒው ካንቺ ጋ ይቅር። እንደ አባት ናቸው ብለሻል አይደል፣ አባት ለዚህ ነው።

ዋሱም እንደዛው። ስቶር ላይ ዋስ መጠየቁ ነውር የለውም ግን መጀመሪያ የድሮው ዋስሽ ነጻ መውጣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጠው፣ አለበለዚያ አጎትሽ ይሁን ጎረቤትሽ ሁለት ቦታ ተይዞ ይቀራል። አዲሱ ላይ ደሞ እስከ ስንት ብር እንደሚዋስ ይጻፍ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ጣሪያው ያልተጻፈ ዋስትና አይጸናም ይላል፣ "ለሚጎድለው ሁሉ" የሚል ወረቀት ካመጡ ይሄን አንሺላቸው።

የባጃጁና የፍቼው ነገር፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ ነው ሚጎዳችሁ። ጥሩ አሠሪ በአፉ የሰጠውን ትልቅ ካምፓኒ አያውቀውም፣ ሲስተሙ ውስጥ የለማ። በልማድ መብት ሆኗል ብሎ መከራከር ይቻላል ግን ረጅም ነው። ሽማግሌው ማህተሙ እጃቸው ላይ እያለ ለሰራተኛው ሚሰጡትን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፈው ይፈርሙበት፣ በርዕስ ወረቀት፣ ከነቀኑ። ይሄን ብቻሽን አትጠይቂ፣ ማህበር ካላችሁ በማህበሩ፣ ከሌላችሁ አስር አስራ አምስት ሆናችሁ ሂዱ።

ዲግሪና ሲስተሙ ብዙም አያስጨንቅሽ። ሲስተም ላይ ሚገባው ያው ገቢ ወጪ ቀሪ ነው፣ የትኛው ዱቄት ቀድሞ እንደሚበላሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ስልጠና ሲኖር ግን የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጪ። የደረጃ ምደባው ላይ ዝቅ ካደረጉሽ ደመወዝሽን መንካት አይችሉም፣ ካንቺ ጋር ካልተስማሙ በቀር።

ቀድሜ ልውጣ ላልሽው፣ ሌላ ስራ መፈለግ ትችያለሽ ማን ይከለክልሻል፣ ግን እጅሽ ላይ ሳይኖር አትልቀቂ። ካባረሩሽ ደሞ ወደ ስራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል፣ ሽማግሌ ልላክ እያልሽ ጊዜው እንዳይበላሽ። የሁሉንም ወረቀት ኮፒ ቢሮ ሳይሆን ቤትሽ አስቀምጪ፣ የገዛም ነገ ይሸጣላ፣ ሜታ አቦ ቢራ በ2004 ለዲያጂዮ ተሸጦ አስር ዓመት ቆይቶ ለቢጂአይ ተላለፈ።

አንድ ነገር ረስቼ፣ ደመወዝ በስንት እንደሚገባ ጠይቂ። የናንተ እቁብ በ25 የሚጣል ከሆነና እነሱ በ30 ሚከፍሉ ከሆነ ለዳኛው ካሁኑ ንገሩት፣ የዛን ወር ባለ እጣ ምን ጥፋት አለበት።