ሲሮሲስ ላለበት ሰው ከእንቅልፍ በፊት የሚበላ ነገር

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አባትሽ ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ የሚደክምበት በሽታ) አለባቸው፣ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሯል፣ እጅና እግራቸው ግን እየቀጠነ ነው። ጡታቸው አብጦ ያማቸዋል። ዘመድ ሁሉ ደግሞ «ፕሮቲን አቁሙ» ይላችኋል። እኔ ባለቤቴን በዚሁ በሽታ ለዓመታት አስታምሜያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ከሐኪሞቹና ከሥነ ምግብ ባለሙያዋ የሰማሁትን፣ ቤት ውስጥም ሲሠራ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከሌሊቱ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ጤነኛ ጉበት ከተበላው ላይ ስኳር ያጠራቅምና ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። ጠባሳ የሞላው ጉበት ግን ብዙ ማጠራቀም አይችልም። ስለዚህ ጥቂት ሰዓት ሳይበላ ሲቆይ ሰውነት ወደ ስቡና ወደ ጡንቻው ይዞራል። ለሲሮሲስ ሕመምተኛ አንድ ሌሊት ማለት ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ጦሙን እንደ ማደሩ ነው። አባትሽ እራት በጊዜ በልተው ቁርስ አርፍደው የሚበሉ ከሆነ፣ ክንዳቸው ለምን እንደቀጠነ ግማሹ መልስ ይሄ ነው።

ስለዚህ ልክ ሊተኙ ሲሉ 50 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ያለው ነገር ስጫቸው። ሁለት ሦስት ቁራጭ ዳቦ ከአንድ ብርጭቆ ወተት ጋር ይበቃል። ጠዋት እንደነቁ ቁርስ፣ ከዚያ በየሦስት አራት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት። ውሃው ጨጓራን ስለሚጫን ሳህን ሙሉ ብታቀርቢላቸው ሁለት ጎርሰው «ጠገብኩ» ነው የሚሉሽ። ባለቤቴ መጀመሪያ ተነጫንጮ ነበር፤ ሲለምደው ግን የጠዋቱ መዝለፍለፍ ቀነሰለት።

ፕሮቲኑን አታቋርጪ። ድሮ አሞኒያ (ፕሮቲን ሲፈጭ የሚወጣ፣ ጉበት የሚያጸዳው መርዛማ ነገር) ይጨምራል፣ አእምሮን ያዘባርቃል ተብሎ ይከለከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአውሮፓ የጉበት ጥናት ማኅበር መመሪያ ግን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ይመክራል። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው። ጉበት ሲደክም አሞኒያን በማጽዳት የሚያግዘው ጡንቻ ነው። ፕሮቲን ከልክለሽ ጡንቻው ከሟሸሸ መዘባረቁም ሊብስ ይችላል። ሥጋ ካልተስማማቸው እንቁላል፣ ወተትና ጥራጥሬ አለ። ስሌቱ ውሃው ተቀንሶ በሚቀረው ኪሎ ነው፤ እሱን ሐኪሙ ይገምትልሽ። ሚዛኑንማ አትመኚው፣ ውሃ ሲጨምር የወፈሩ ያስመስላል። ይልቅ ከወንበር እጃቸውን ሳይደገፉ መነሳት ይችሉ እንደሆነ እያየሽ ተከታተይ።

ጨው በቀን 5 ግራም አካባቢ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ግን ምግቡ አልጫ ሆኖባቸው ካልበሉ ትርፉ ኪሳራ ነው። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ጨምሪበት።

ጡታቸው ያበጠው ከሆርሞን ነው። ጉበት ሲታመም የወንዱ ሆርሞን ቴስቶስቴሮን ይቀንሳል፣ የሴቷ ኢስትሮጅን ያመዝናል። መዳፍ መቅላት፣ የሰውነት ጸጉር መሳሳት፣ የወሲብ ፍላጎት መጥፋትም የዚሁ ናቸው። ለውሃው ስፓይሮኖላክቶን የሚባለውን የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ያባብሰዋል። በራሳችሁ እንዳታቆሙት! ለሐኪሙ ንገሩት፣ አሚሎራይድን የመሰለ ምትክ አለ። ወንዶች ይሄን መናገር ያፍራሉ፤ የእኔው ሰው ከእኔም ደብቆት ነበር። ስለዚህ አንቺው ብታነሺው ይሻላል።

ስኳርም ይረበሻል። ኢንሱሊን በደንብ ስለማይሠራ ከፍ ይላል፣ ጉበት በጣም ሲደክም ደግሞ በድንገት ሊወርድ ይችላል። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ (HbA1c) እዚህ ያታልላል፤ ቀይ የደም ሴሎች ቶሎ ስለሚሞቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ከጣት የሚወሰደው ይሻላል። ቫይታሚን ዲንም አስለኪላቸው፣ ጉበት ካልሠራው አጥንት ይሳሳል። ሌላ ቫይታሚንና «ጉበት የሚያጸዳ» የሚባል ቅጠላ ቅጠል ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይግባ። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ጉበትን ራሱን ይጎዳል።

ቀን እንቅልፍ ሌሊት መንቃት ከጀመሩ፣ ወሬያቸው ከተዘበራረቀ፣ ትኩሳት ወይም ጥቁር ሰገራ ካየሽ በምግብ አትሞክሪ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰጃቸው።

ስኳር በሽታ አለባቸው? ኢንሱሊን ይወስዳሉ? የማታውን ምግብ ከመጀመርሽ በፊት ለሐኪማቸው ንገሪው፤ መጠኑን ማስተካከል ሊኖርበት ይችላል።