ከግማሽ ገጽ ውጭ የቀረው፦ በመሪዎች አጠገብ ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ የአንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን አማካሪ ሆና የተሾመችው የወንድሜ ልጅ ባለፈው ወር ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለ፣ «ጋሼ፣ አማካሪ ያልተጠየቀውን መናገር አለበት ወይስ እስኪጠየቅ ይጠብቅ?» አለችኝ። በንጉሡ ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ማገልገሌን ስለምታውቅ ነው። ያን ዕለት የሰጠኋት መልስ ለራሴም አልጣመኝም፤ ጥያቄዋ ከ50 ዓመት በላይ ለማንም ያልነገርሁትን አንድ ነገር ቀስቅሶብኛልና፣ እነሆ ለእሷም ለእናንተም በጽሑፍ እመልሳለሁ።

አስቀድሜ በዚያ ዘመን ሥልጣን በየት በኩል ይሄድ እንደነበር ልንገራችሁ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕዝብ እንደራሴዎች በምርጫ እንዲገቡ ቢፈቅድም፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱን አባላት የሚሰይሙት፣ ሚኒስትሮችንም የሚሾሙትና የሚሽሩት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ስለዚህ ከባድ ጉዳይ ሁሉ የሚበስለው ማንም ድምፅ ሰጥቶ ባልመረጣቸው ሰዎች ዘንድ ነበር፤ በዘውድ ምክር ቤት፣ በጃንሆይ ልዩ ካቢኔ፣ ቀደም ሲል ደግሞ ከሁሉም በላይ በጽሕፈት ሚኒስቴር። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከ1933 እስከ 1947 ዓ.ም. ጽሕፈት ሚኒስትር ሳሉ ማኅተሙ በእጃቸው ነበር፤ ጃንሆይ በቃል ያዘዙትን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡት፣ በነጋሪት ጋዜጣ በሚታተመው አዋጅ ግርጌም የሚፈርሙት እሳቸው ነበሩ። ከመኳንንት ወገን ያልተወለዱትን ሰው መኳንንቱ ደጅ የጠኗቸው፣ በቃልና በወረቀት መካከል ያለውን ያን ጠባብ ቦታ ስለያዙ ነው። ሲወርዱም ከቤተ መንግሥቱ ርቀው አርሲን እንዲያስተዳድሩ ተላኩ፤ ከንጉሥ ጆሮ የተገኘ ሥልጣን ጆሮው ሲዞር አብሮ ይሄዳል።

አባቴ በመሬት ክርክር አዲስ አበባ መጥቶ ሰባት ወር ደጅ ጠንቷል። አቤቱታውን የሚቀበለው ጸሐፊ «ነገ ተመለስ» እያለ ስንቁን አስጨረሰው። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ጃንሆይን አንድም ቀን አልወቀሰም፤ «እሳቸው ደግ ናቸው፤ እንዳይሰሙ የሚያደርጓቸው አሉ እንጂ» ይል ነበር። ልጅ ሳለሁ ይህን አምን ነበር። ካደግሁ በኋላ ግን ይህ እምነት ራሱ ለዙፋኑ እንደ አጥር ሆኖ ያገለግል እንደነበር ተረዳሁ፤ ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ በሚባልበት አገር፣ ምስጋናው ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ በደሉ ሁሉ በአማካሪው ላይ ይቀራል። አማካሪውም በዚህ ይስማማል፤ በመጋረጃው ውስጥ እስካለ ድረስ ማንም ስሙን ጠርቶ አይጠይቀውምና።

ወደ ራሴ ታሪክ ልምጣ። በ1965 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጡትን ደብዳቤዎች አንብቤ ለበላይ የሚቀርብ አጭር ማስታወሻ ማዘጋጀት ነው። ማስታወሻው ከግማሽ ገጽ እንዲያልፍ አይፈቀድም ነበር፤ ይህን ደንብ የትም ተጽፎ አላየሁትም፣ ሁላችንም ግን እናከብረው ነበር። በየካቲት ወር አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከወሎ ከአንድ የወረዳ ገዢ የተላከ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። አራት ገጽ በእጅ የተጻፈ ነበር፤ ቀለሙ ሰማያዊ፣ ወረቀቱ ከደብተር የተገነጠለ፣ በታጠፈበት በኩል መቀደድ የጀመረ። ሰውየው ቤታቸውን ዘግተው የተሰደዱትን ቆጥሯል፤ የክርስቲያኑን በየአጥቢያው፣ የእስላሙን በየመስጊዱ እየለየ ጽፏል። የሞቱትን በሬዎችም ቆጥሯል። በሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ፣ ዛሬም ቃል በቃል የማስታውሰው ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ቀባሪው ራሱ ጉልበት አጥቶ፣ ሬሳ ሳይቀበር ማደር ጀምሯል።»

መጀመሪያ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ ላይ «በወረዳው ረሀብ ገብቷል፤ ሰው እየሞተ ነው» ብዬ ነበር። የመምሪያው ኃላፊ አነበበው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ጣቱን «ረሀብ» በሚለው ቃል ላይ አድርጎ፣ ያለ ቁጣ፣ «ይህች ቃል ታስፈልጋለች?» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። አልሰረዘውም፤ እንድሰርዘውም አላዘዘኝም። ወደ ጽሕፈት መኪናዬ ተመልሼ፣ በገዛ እጄ፣ «በዝናብ መዛባት ምክንያት የእህል እጥረት የታየ ሲሆን፣ የሚመለከታቸው ክፍሎች ጉዳዩን በቅርብ እየተከታተሉት ይገኛሉ» ብዬ ጻፍሁ። ጉዳዩን የሚከታተል ክፍል መኖሩን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ዓረፍተ ነገሩ እንዲሞላልኝ ብዬ ከራሴ አፍልቄ የጨመርሁት ነው። የሬሳውን ነገር ተውሁት፤ ቦታ አልበቃ አለኝ ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ኃላፊው ሁለተኛውን ሲያነብ «አማርኛህ ያምራል» አለኝ፤ እኔም በዚያ ቃል ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ለብዙ ዓመታት ያሳፈረኝ ከጻፍሁት ይልቅ ያ ደስታ ነው።

ማስታወሻው ስንት ጠረጴዛ እንዳለፈ አላውቅም። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ግን እንደ እኔ ያለ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ እያንዳንዱም ጥቂት ጥቂት ቢያለዝብ፣ ከላይ ሲደርስ ምን ሊተርፍ እንደሚችል አስቡት። ከሁለት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ፣ ወደ ወሎ ተጉዘው የነበሩ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሷቸው ፎቶግራፎች በግቢው ታዩ። እኔም ሄጄ አየሁ። በአንዱ ፎቶግራፍ ፊት ቆሜ የደብዳቤው ሦስተኛ ገጽ ትዝ አለኝ፣ እግሬም ከዚያ አልነሣ አለኝ። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ ስለዚሁ ረሀብ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በእኛው ቴሌቪዥን የታየው ደግሞ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀናብሮ በመስከረም 1 ቀን 1967፣ በዘመን መለወጫ ዕለት ማታ ነው። በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ።

«ጃንሆይ አያውቁም ነበር» የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ የሚያስከፋውን ነገር እንዳይሰማ አድርጎ ዙሪያውን ያዋቀረ ገዢ፣ ላለማወቁም ተጠያቂ ነው። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል፤ ሆኖም በ1960ዎቹ በዙፋኑ ዙሪያ መካር ሞልቶ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967፣ የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ያ ግድያ ግፍ ነበር፤ እስከ ዛሬም ግፍ ነው እላለሁ። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ ትንሽ ጸሐፊ ነበርሁና።

እንግዲህ ልጄ ሆይ፣ መልሴ ይህ ነው፦ ሳትጠየቂ ተናገሪ። ከታች የመጣውን ቃል በራስሽ ቃል አትለውጪ፤ ስታሳጥሪም ዋናውን ደብዳቤ ከማስታወሻሽ ጋር አያይዢ፣ የጸሐፊውንም ስም ጥቀሺ። ስለ ታማኝነትና ስለ ትጋት አልጽፍም፤ ያን ከእናትሽ ተምረሻል። ይሁን እንጂ በሁሉም ነገር ላይ የሚናገር አማካሪ በሦስት ወር ውስጥ ጆሮ የሚሰጠው ያጣል፤ ስለዚህ ዝም ማለትንም ማወቅ አለብሽ። ሁለቱ እንደሚጋጩ አውቃለሁ፤ በ26 ዓመት የመንግሥት አገልግሎቴ ላስታርቃቸው አልቻልሁም። የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ናችሁ፤ ነገር ግን ድፍረታችሁ በስልካችሁ ላይ ሲበረታ በአለቃችሁ ፊት ሲደክም አይቼ አዝናለሁ። «ከበላይ የመጣ ነው» የሚለውን ቃልም ከእኛ ወርሳችሁ ስትጠቀሙበት እሰማለሁ። እኔን ያዘዘኝ የበላይ አልነበረም።

የዚያን የወረዳ ገዢ ስም ለማስታወስ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። የእጅ ጽሕፈቱ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፤ «ሰ»ን በሰፊው ይጽፍ ነበር፣ የመጨረሻው መስመር ወደ ታች ያዘነብል ነበር። ስሙን ግን ያኔ በማስታወሻዬ ላይ አላሰፈርሁትም፤ «ከወረዳው በደረሰን ሪፖርት መሠረት» ብዬ ነበር ያለፍሁት።