ባለ ስምንት ሲሊንደርህን ከመሸጥህ በፊት ይቺን አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «የስፖርት መኪኖች ትልልቁን ሞተር ትተው ትንሽና ነዳጅ ቆጣቢ ሞተር ቢገጥሙ አይሻልም ወይ? እኔም ባለ ስምንት ሲሊንደሬን ሸጬ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ልገዛ ነው» ብለሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ በሁለት ጎራ ተከፍለው ይናከሳሉ። አንዱ «ድምፁ ይናፍቅሃል» ይላል፣ ሌላው «ዘመኑ ነው፣ ተቀበል» ይላል። እኔ አንተ ያሰብከውን አድርጌ ያየሁ ሰው ነኝ። ባለ ስምንቱን ሸጬ ባለ ሁለት ሊትሩን ገዛሁ። የሆነውን ልንገርህ።

መጀመሪያ መልሱን ልስጥህ። ትንሽ ሞተር መልካም ነው፣ መኪናው ቀላል ከሆነ። ከባድ መኪና ላይ ሲገጠም ግን የሚቆጥበው ወረቀት ላይ ነው። ቱርቦ፣ አንተ ባታጣውም ለሌላው አንባቢ ልበል፣ በሞተሩ ጭስ ግፊት በሚሽከረከር ተርባይን ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚጠቀጥቅ መሣሪያ ነው።

1. ካታሎጉ ላይ ያለውን የነዳጅ ቁጥር አትመነው።

ያ ቁጥር የሚወጣው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የድሮው የአውሮፓ ፈተና መኪናውን ከዜሮ እስከ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለማድረስ 26 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። 26 ሰከንድ! እንደዚያ የሚነዳ የስፖርት መኪና ባለቤት ካለ አሳየኝ። በዚያ ዓይነት አነዳድ ቱርቦው ከእንቅልፉም አይነቃ። እ.ኤ.አ. በ2017 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) አዲሱ ፈተና መጣና ነገሩ ትንሽ ወደ እውነት ቀረበ፣ ግን እሱም ያንተን እግር አያውቅም።

በእርጋታ ስትነዳ ትንሹ ሞተር በእርግጥ ያሸንፋል፣ ይሄን አልክድም። ትልቁ ሞተር በዝግታ ሲሄድ የአየር መግቢያው አብዛኛው ተዘግቶ አየር በግድ ይስባል፣ ያ ጉልበት ይበላል። ትንሹ ግን በሰፊው ከፍቶ ይተነፍሳል። ስትረግጠው ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ቱርቦው አየር ሲጠቀጥቅ ቤንዚኑም በዚያው ልክ መግባት አለበት። በዚያ ላይ የጭሱ ሙቀት ሲያይል ኮምፒውተሩ ተርባይኑ እንዳይቀልጥ ብሎ ትርፍ ቤንዚን ይረጫል። ያ ትርፍ ቤንዚን አንተን አንድ ስንዝር አይገፋህም፤ ሥራው ማቀዝቀዝ ብቻ ነው።

ትልቅ ሞተር ሁሉ ነዳጅ ጠጪ ነው የሚለውም ነገር ሙሉ እውነት አይደለም። የ2014ቱን ኮርቬት፣ የአሜሪካኖቹን የስፖርት መኪና፣ ተመልከት። 6.2 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የለውም። በአሜሪካ ይፋዊ መለኪያ መሠረት በእጅ ማርሹ አውራ ጎዳና ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ገደማ ነው የሚጠጣው። ለምን? ረጅም ሰባተኛ ማርሽ አለው፣ ሰውነቱ ቀላል ነው፣ ሙሉ ጉልበት በማያስፈልግበት ጊዜ ደግሞ አራቱን ሲሊንደር ያስተኛል። ከተማ ውስጥ ግን ይበላሃል፣ እሱን አልደብቅህም።

ታዲያ ፋብሪካዎቹ ለምን ይሄን ሁሉ ያደርጋሉ ትል ይሆናል። ላንተ ኪስ አዝነው አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የአዳዲስ መኪኖችን አማካይ የካርቦን ልቀት በኪሎ ሜትር ወደ 95 ግራም አወረደው፣ ያለፈ ይቀጣል። ብዙ አገሮች ደግሞ ቀረጥን በሲሲ፣ ማለትም ያው በሊትር በምንጠራው የሞተር መጠን፣ ያሰላሉ። ስለዚህ ሲሲው ይቀነሳል፣ ቱርቦው ይጨመራል፣ ፈተናው ላይ ቁጥሩ ያምራል።

2. ከሲሲው በፊት ኪሎውን ጠይቅ።

ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት የሚባለው ይሄ ነው። መርሴዲስ ሲ 63ን እንውሰድ። መጀመሪያ 6.2 ሊትር ስምንት ሲሊንደር ነበረው፣ ከዚያ 4 ሊትር ከቱርቦ ጋር ሆነ፣ በ2022 ደግሞ 2 ሊትር አራት ሲሊንደር ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ሆኖ ወጣ። 680 የፈረስ ጉልበት! ወረቀቱን ስታየው ጉድ ትላለህ። ሚዛን ላይ ስታወጣው ግን ከ2,100 ኪሎ በላይ ነው። ከፊተኛው ከ350 ኪሎ በላይ ጨምሯል። ሞተሩ ግማሽ ሆነ፣ መኪናው ወፈረ። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ኩርባ ላይ የሚሰማህ ነገር፣ ሁሉም ያንን ኪሎ ተሸክሞ ነው የሚሠራው። ፈጣን ነው፣ አልክድም። ግን ሲሲውን ያነሱት መኪናውን ለማቅለል ከሆነ የት ገባ?

በተቃራኒው የመጀመሪያውን ሎተስ ኤሊዝ እይ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ 1.8 ሊትር ሞተር ነበረው፣ ጉልበቱ 120 አካባቢ ነው። 120 ብለህ ትስቃለህ። መኪናው ግን 725 ኪሎ ገደማ ነበር። ትንሽ ሞተር ማለት እዚያ ነው ትርጉም ያለው።

3. ዘይቱን ተጠንቀቅ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ፣ ምክሩ ወደ ብሶት ሊሄድብኝ ነው።

ባለ ሁለት ሊትሯ ገና ዋስትና ላይ ነበረች። ዳገት ላይ ነኝ፣ ስድስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ዙር አካባቢ ነው። ማርሽ ሳልቀንስ ረገጥኳት። ባለ ስምንቱ ላይ ሁሌም የማደርገው ነው፤ እሱ ምንም ሳይመስለው አጉረምርሞ ይወጣዋል። ይቺ ግን ከኮፈኑ ሥር «ቋ!» አለች። አንዴ ብቻ። ጎማ ድንጋይ ያስፈነጠረ መሰለኝ። ትንሽ እንደሄድኩ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ በመስታወት ወደኋላ ሳይ ሰማያዊ ጭስ ጎትቻለሁ።

የሆነው ነገር ይሄ ነው። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭባቸው ትንንሽ ቱርቦዎች በዝቅተኛ ዙር ብዙ ጫና ሲገጥማቸው፣ ካንዴላው እሳት ሳይሰጥ ቅይጡ ቀድሞ ይቀጣጠላል። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ፍንዳታው ከላይ ይመታዋል። ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ ዘይቱ ነው፣ በተለይ ካልሲየም የበዛበት ዓይነት። ለዚህ ሲባል የዘይት ደረጃው ራሱ ተቀየረ። ኤስ ኤን በሚባለው የድሮ ደረጃ ላይ በ2018 ኤስ ኤን ፕላስ የሚባል ማሻሻያ ወጣ፣ በ2020 ደግሞ ኤስ ፒ መጣ። ትልቁ ሞተርህ ይሄን ሁሉ ጣጣ አያውቅም። ለዚህ ነው ማንም የማይነግርህ።

ተጎትታ ወደ ሻጩ ሰርቪስ ገባች። መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሳም። ሰላምታ የለ፣ ምን ሆነ የለ። «ሬስ ስታደርግባት ነው» አለኝ። የአባቱ እኩያ ነኝ፣ አንቱታው ይቅርብኝ፣ ግን ቢያንስ ቀና ብለህ እየኝ እንጂ! ዋስትናው አይሸፍንም፣ ሞተሩን ለመፍታት ራሱ ክፍያ አለው፣ እዚህ ጋ ፈርም። በምን አወቅክ ስለው «ኮምፒውተሩ ያሳያል» አለ። እስቲ አሳየኝ ስለው «ለደንበኛ አይታይም» አለኝ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፍቶ ቀጣዩን ሰው ጠራ።

አልፈረምኩም። አንድ የማውቀው መካኒክ ዘንድ ደወልኩ። ወሬ አላበዛም፣ «የመጨረሻውን የሰርቪስ ደረሰኝ አውጣና የዘይቱን መስመር አንብብልኝ» አለኝ። አነበብኩለት። ኤስ ኤን ይላል። «አሁን የመኪናውን ማንዋል አውጣ» አለኝ። ማንዋሉ ከኤስ ፒ በታች አትጠቀሙ ይላል፣ በደማቁ ተጽፎ። ዘይቱን የቀየሩት ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ እነሱ ናቸው! ማኅተማቸው አለበት።

ሁለቱንም ይዤ ተመለስኩና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁለት። ልጁ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ዘይት ያው ዘይት ነው» አይለኝም! እዚያው ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ይሰማል፣ እኔም እንዲሰማ ነው የፈለግኩት። በመጨረሻ አለቅየው ከውስጥ ወጣ፣ ደረሰኙን አየ፣ ማንዋሉን አየ፣ ልጁን አየው፣ «ይፈታ» አለ።

ሲፈታ ሦስተኛው ፒስተን ነው። ፒስተኑን ከሚከቡት ቀለበቶች በአንደኛውና በሁለተኛው ሪንግ መካከል ያለው ጠርዝ ተሰብሯል። መካኒኩ ስባሪዋን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። የተቆረጠ ጥፍር ታክላለች። ሲሊንደሩን ከላይ እስከ ታች ቧጭራዋለች። የሞተሩን ታችኛ ክፍል ሙሉውን በራሳቸው ወጪ ቀየሩት፣ ግን እንዴት አንጓጥጠውኝ መሰለህ! መኪናዬን ስረከብ ደረሰኙ ላይ ምን ብለው ቢጽፉ ጥሩ ነው? «በደንበኛው ጥያቄ መሠረት የተደረገ ጥገና»። ይቅርታ የምትለዋ ቃል ካንዳቸውም አፍ አልወጣችም።

እና ወንድሜ፣ አንተም ይሄው ነው የሚገጥምህ። ቱርቦውን ከገዛህ ዘይት ሲቀየር አጠገባቸው ቁም። የቆርቆሮውን ጀርባ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ደረሰኝ አትጣል። ዳገት ላይ ከባድ ማርሽ ይዘህ አትርገጥ፣ ማርሹን ቀንስና ዙሩን አስነሳ፣ ከዚያ እንደፈለግክ አድርጋት። ማንዋሉ የቤንዚኑ ደረጃ 98 ኦክቴን ይሁን ካለም 98 ቅዳ፤ ዝቅ ያለ ስትቀዳ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ሲል ጉልበቱን ይቀንስብሃል፣ የከፈልክበትን ፈረስ በረት ትተህ ነው የምትሄደው።

ስለ ድምፅ ሌሎቹ ስላወሩልህ አላረዝመውም። ቢኤምደብሊው በ2011 ኤም 5 በሚባለው መኪናው ላይ የሞተሩን ድምፅ በስፒከር ማሰማት ሲጀምር ብዙ ሰው ተቆጣ፣ እኔም ተቆጥቼ ነበር። ፖርሽ ደግሞ በ2016 ቦክስተርና ኬይማን በሚባሉት መኪኖቹ ላይ ስድስቱን ሲሊንደር ወደ አራት ቱርቦ አወረደው። ጉልበቱ ጨመረ፣ ነጂው ግን አጉረመረመ። በ2019 እና በ2020 ውድ በሆኑት ዓይነቶች ላይ ስድስት ሲሊንደር፣ 4 ሊትር፣ ያለ ቱርቦ መልሰው አመጡት። ኢንጂነሮቹ ሞኞች አይደሉም፣ ገዢው ምን እንደሚፈልግ ነው የነገራቸው።

አሁን አንዱ ከሥር «ፌራሪስ?» ብሎ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እሺ፣ ፌራሪ። 458 በ4.5 ሊትር 570 ፈረስ ነበረው፣ ተተኪው 488 በ3.9 ሊትር ቱርቦ 670 አወጣ። ፎርሙላ 1ም በ2014 ከ2.4 ሊትር ስምንት ሲሊንደር ወደ 1.6 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ቱርቦ ከኤሌክትሪክ ጋር ገባ፣ ለአንድ ውድድር ከ100 ኪሎ በላይ ነዳጅ የለም ተባለ፣ መኪኖቹም ይበርራሉ። ትንሽ ሞተር አይችልም ያለ የለም። ግን እነሱ ማቀዝቀዣው ላይ የሚያፈሱት ገንዘብና እኔና አንተ የምንገዛት መኪና አይገናኙም። ያው ፌራሪ ራሱ በ2024 አሥራ ሁለት ሲሊንደር፣ 6.5 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው አዲስ መኪና አውጥቷል። እነሱም አልጨከኑበትም።

እኔ አሁን ምን እንደምነዳ ልንገርህና ላብቃ። ባለ ሁለት ሊትሯን እንደተጠገነች ሸጥኳት፣ ለገዢው ሁሉንም ወረቀት ሰጥቼ። ከዚያ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ገዛሁ፣ የ1.5 ሊትሯን። 131 ፈረስ፣ ቱርቦ የላትም፣ ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፣ «ከስምንት ሲሊንደር ወደ መጫወቻ» አሉኝ። አንዱን ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አስነዳሁት። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ዙሩን እስከ 7,000 ሰቅሎ፣ ኩርባው ሲያልቅ ሦስተኛ። ስንመለስ ቁልፉን ቶሎ አልሰጠኝም፣ ያው ሰውዬ ነው የሳቀው። የቱን ያህል ብረግጣት ባለ ሁለት ሊትሯ ከምትጠጣው በታች ነው የምትጠጣው፣ ምክንያቱም የምትሸከመው ኪሎ የለም፣ የምታቀዘቅዘው ተርባይን የለም። ከቆመ ተነስቶ ለመሽቀዳደም ከሆነ ግን አትግዛት፣ የቤተሰብ መኪና ጥሎህ ይሄዳል።

ስለዚህ ያየሃት መኪና ከ1,300 ኪሎ በታች ከሆነች ባለ ስምንቱን ሽጥና ግባበት። ከ1,700 በላይ ከሆነች ባለህ ቆይ፣ እሱኑ በደንብ ሰርቪስ አድርገው። መሃል ላይ ከሆነች ሞተሯ እስኪሞቅ ከነዳሃት በኋላ ደጋግመህ ረግጠህ ሞክራት፤ አራተኛው አምስተኛው ላይ ጉልበቷ ከወረደ ማቀዝቀዣዋ አይችልም ማለት ነው፣ ተዋት። የመኪናዋን ሞዴልና ዓመቷን እዚህ ጻፍልኝ፣ የትኛው ደረጃ ዘይት እንደሚገባት ከማንዋሏ አይቼ እነግርሃለሁ። ሰርቪስ ክፍሉን ግን አትጠይቅ።