«ፈጠነብህ» ያልኩበት ዙር

ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወጣት ባለፈው ሳምንት አጭር ጥያቄ ላከልኝ። «ጋሼ፣ ኤፍ-5ቷ አየር ላይ እያለች እንደ ልቤ ትታዘዘኛለች። ለማረፍ ሳዞራት ግን በአንድ ክንፏ ትገለበጣለች። ሁለት ጊዜ ሰብሬያታለሁ። ጥፋቱ የሞተሩ ነው ወይስ የኔ?»

መልሱ ሦስት መስመር አይሞላም። ጽፌው ነበር፣ ሳልልከው አደርኩ። ጥያቄው ከዓመታት በፊት ያለፈ አንድ ቅዳሜ ቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ ለእሱም፣ እንደ እሱ በሪሞት የሚበር የተዋጊ ጄት ሞዴል ለምታበሩት ሁሉም ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ኤፍ-5ን ለምን እንደምትመርጡ ይገባኛል። በኦጋዴን ጦርነት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያን ሚግ-21ዎች የገጠመች እሷ ናት። የኤፍ-5 አብራሪውን የብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራን ስም እየሰማ ያደገ ልጅ ሌላ አውሮፕላን ቢያምረው ነው የሚደንቀኝ። ለሞዴል አብራሪ ግን ከባድ ምርጫ ናት። እውነተኛዋ ኤፍ-5ኢ 14.45 ሜትር ትረዝማለች፤ ክንፏ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 8.13 ሜትር ብቻ ነው። ሰባት ጊዜ አሳንሳችሁ ስትሠሯት ርዝመቷ 2.06 ሜትር፣ ክንፏ 1.16 ሜትር ይሆናል። ክንፏ ሲያንስ ባትሪው፣ ፋኑ (ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ እየዞረ አየር የሚገፋው)፣ ሰርቮው (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) እና የጎማ ማጠፊያው አብረው አያንሱም። ያን ሁሉ ክብደት የምትሸከመው በዚያች አጭርና ስስ ክንፍ ነው። ለዚህ ነው ቀስ ብላ መብረር የማትወደው።

ያ ቅዳሜ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ ሜዳ ላይ ነበር። ልጁ 22 ዓመቱ ነው። አባቱ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ግቢ ውስጥ በአውሮፕላን ላይ መሣሪያ ይጭኑ የነበሩ ሰው ናቸው። ጄቷን ከፋይበርግላስ ራሱ ሠራት፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ክብ ምልክት በእጁ ቀባላት። 14 ወር ፈጅቶበታል። ክብደቷ 3.8 ኪሎ፣ ፋኗ 90 ሚሊ ሜትር፣ ባትሪዋ ባለ ስድስት ሴል 6000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር)። ነፋስ በሌለባቸው ማለዳዎች ሦስት ጊዜ በርራ ሦስቱንም በደህና አርፋለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነፋስ ነበር። በማኮብኮቢያው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ስለሚመጣ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እኔ ሰዓትና ሰማይ እየጠበቅሁለት አጠገቡ ቆሜአለሁ። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ጎማ አወረደ፣ ፍላፑን (ቀስ ብላ እንድትበር ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ክፍል) የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አደረገ፣ ነፋሱን ከጭራዋ አድርጎ ከፊታችን አሳለፋት። ሽው ብላ አለፈች። ዓይኔ በጣም ፈጥናለች አለኝ።

«ፈጠነብህ፣ ቀንስ» አልኩት።

አውራ ጣቱ ስሮትሉ (የሞተሩ ኃይል መቆጣጠሪያ) ላይ ሲያመነታ አይቻለሁ። ልጁ ትክክለኛውን ነገር ያውቅ ነበር። ትልቅ ሰው የሚያከብር ልጅ ስለነበር ግን ቀነሰ። ጄቷ መታጠፍ ስትጀምር ነፋሱ ገፋት፤ የማኮብኮቢያውን መስመር አልፋ ልትሄድ ሆነ። እሱም ወደ መስመሩ ሊመልሳት የበለጠ አዘነበላት፤ አፍንጫዋ እንዳይወርድ ደግሞ ኤሌቬተሩን (አፍንጫዋን ቀና ዝቅ የሚያደርገውን የጭራ መሪ) ሳበ። ክንፎቿ ወደ መሬት ቀጥ ሊሉ ሲቃረቡ ውስጠኛው ክንፍ በድንገት ወደቀ፣ ጄቷ በጀርባዋ ዞረች። ስሮትሉን እስከ ጫፍ ገፋው። የፋኑን ጩኸት ሰማን፤ ነገር ግን ከ20 ሜትር ከፍታ ላይ ያ ጩኸት ምንም አይሠራም። አፍንጫዋ መጀመሪያ መሬት ነካ። ባትሪው ጭስ ስላወጣ በአሸዋ ባልዲ ቀበርነው።

ስብርባሪውን እየለቀመ «ችግር የለም፣ ጋሼ» አለኝ። እኔም «ነፋሱ ነው» አልኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ነፋሱ እንዳልነበር ማታ ቤቴ ገብቼ በወረቀት ሳሰላው በግልጽ ታየኝ፤ ደውዬ ግን አልነገርኩትም። በዚያው ክረምት ትራንስሚተሩን (የሪሞት መቆጣጠሪያውን) ሸጠው። ራሱን መጥፎ አብራሪ አድርጎ ቆጥሮ ነው የሄደው።

ያን ወረቀት አሁን ለእናንተ ልዘርጋው። ያቺ ጄት በዚያ ክብደት፣ በዚያ ክንፍ፣ ክንፏ ደልዳላ ሆኖ ስትበር አየሩ ክንፏን የሚከዳው፣ ማለትም ስቶል የምታደርገው፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትታጠፍ ግን ክንፉ የራሷን ክብደት ብቻ ሳይሆን የመታጠፉንም ጫና ይሸከማል። በ30 ዲግሪ ስታዘነብል 50 የነበረው 54 ይሆናል። በ45 ዲግሪ 59፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ 71። ስለዚህ በ65 እየበረረች በ30 ዲግሪ ብትታጠፍ ምንም አትሆንም፤ በዚያው 65 በ60 ዲግሪ ብትታጠፍ ትወድቃለች። የአገር፣ የሞተር፣ የዕድል ጉዳይ አይደለም።

ነፋሱ የሠራው እኔን ማታለል ብቻ ነው። ጄቷ በአየር ውስጥ በ65 ስትሄድ ከኋላዋ 20 ሲጨመርበት በመሬት ላይ 85 ትሄዳለች። መሬት ላይ የቆመ ሰው የሚያየው 85ቱን ነው። ክንፉ የሚያውቀው 65ቱን ነው። እሱ በኔ ቃል ቀንሶ 55 ሲያደርሳት እንኳ በመሬት ላይ 75 ስለምትሄድ ለዓይናችን ገና ፈጣን ነበረች።

ስለዚህ ልጄ፣ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። የመታጠፊያው ነው፤ ወይም መታጠፊያውን ያጠበበው የማረፊያ ዙር።

ባትሪ አሞላልና የሬንጅ ሙከራ (ሪሞቱ ምን ያህል ርቀት እንደሚደርስ መፈተሽ) ላይ አልቆይም፣ ይህን ታውቁታላችሁ። የምቆየው ማንም ጊዜ በማይሰጠው ነገር ላይ ነው። አዲስ ጄት ሲኖራችሁ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው በረራ 100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አውጧት፣ ወደ ነፋሱ አዙሯት፣ ጎማና ፍላፕ አውርዱ፣ ስሮትሉን ሩብ ላይ አድርጉና ከፍታዋ እንዳይቀንስ ኤሌቬተሩን ቀስ ቀስ እያላችሁ ሳቡ። የሆነ ቦታ ላይ አፍንጫዋ ይወዛወዛል፣ ወይም አንዱ ክንፍ ይወድቃል። የቱ ክንፍ እንደሚወድቅ፣ ከመውደቋ በፊት አፍንጫዋ ምን ያህል ቀና እንደሚል በዓይናችሁ ያዙ። ስቲኩን ልቀቁ፣ ስሮትል ጨምሩ፣ ስትድን ምን ያህል ከፍታ እንደበላች እዩ። ሦስት ጊዜ ድገሙት። 25 ሜትር የምትበላ ከሆነ፣ በ20 ሜትር ላይ ስቶል ያደረገች ቀን ማዳኛ እንደሌላችሁ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። የዛሬ ልጆች ይህን ሙከራ ሲያደርጉ ብዙም አላይም። ሲሙሌተር ላይ መቶ ጊዜ አርፈው፣ በመጀመሪያው ቀን በዝቅታ ሽው አድርገው ቪዲዮ ያነሣሉ። እጃቸው ከኛ ይበልጥ ፈጣን ነው፣ አልክድም። የሚቸኩሉት ግን ጄቷን ሳያውቋት ነው። ሜዳ ላይ የሚያስተምራቸውን ትልቅ ሰውም አይሰሙም። (ያ ልጅ ደግሞ ሰምቶኝ ነው ጄቱን ያጣው፤ ይህን ስጽፍ ረስቼው አይደለም።)

ዙሩን ሰፊ አድርጉት። ነፋሱን ከጭራዋ አድርጋችሁ ስትወርዱ ከማኮብኮቢያው 70 ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ 30 ሜትር ከፍታ ይዛችሁ፣ ስሮትሉ ግማሽ ላይ ይሁን። የማኮብኮቢያውን ጫፍ ካለፋችሁ በኋላ ሌላ 100 ሜትር ሂዱ። ከዚያ ከ30 ዲግሪ ሳታልፉ ታጠፉ። መስመሩን ካለፋችሁት ዘንበል አትጨምሩ፤ ስሮትል ሰጥታችሁ ዙሩን ድገሙ። ባትሪው ለዚህ ይበቃችሁ ዘንድ ሰዓት ቆጣሪውን ከ3 ደቂቃ ተኩል አታሳልፉ። በሙሉ ኃይል ከ100 አምፒር በላይ የሚስብ ፋን 6000 ሚሊ አምፒር ሰዓቱን ከሦስት ደቂቃ ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ እናንተ ደግሞ ሁለት ጊዜ ደግሞ ለመዞር የሚበቃ ይዛችሁ መመለስ አለባችሁ። ካረፋችሁ በኋላ እያንዳንዱን ሴል ለኩ፤ ከ3.7 ቮልት በታች ካገኛችሁ በሚቀጥለው በረራ 20 ሰከንድ ቀንሱ።

ወደ ማኮብኮቢያው ቀጥ ካላችሁ በኋላ ሙሉ ፍላፕ አውርዱ። እዚህ ላይ ከፕሮፔለር የመጣ አብራሪ ይሳሳታል። ፕሮፔለር ስሮትል ሲጨመር ክንፉና ጭራው ላይ ወዲያው አየር ይነፋላችኋል። የፋኑ አየር ግን በቱቦው አልፎ በጭራ ይወጣል እንጂ ክንፉን አይነካም። ጄቷ ራሷ እስክትፈጥን ድረስ ኤሌቬተሩ ጉልበት አያገኝም። ስለዚህ ስሮትሉን ዘግታችሁ አትምጡ፤ ከ35 እስከ 45 በመቶ ያዙት፣ አፍንጫዋ ትንሽ ቀና ይበል። ፍጥነቷን በኤሌቬተር፣ የምትወርድበትን መጠን በስሮትል ጠብቁ። አንድ ሜትር ላይ ስትደርስ ስሮትሉን ቀስ እያላችሁ ቀንሱ፣ የኋላ ጎማዎቹ ይንኩ፣ ከነኩ በኋላ ዝጉት። የአፍንጫውን ጎማ ራሷ ታውርደው። ብትነጥር አፍንጫዋን ወደ ታች አትግፉ፤ የአፍንጫ ጎማ የሚሰበረው በመጀመሪያው ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ንጥረት ነው። ግማሽ ስሮትል ስጡ፣ ደልዳላ አድርጋችሁ ያዙ፣ ቦታ ከጠበባችሁ ተነሡና ዙሩ።

ኬሮሲን ተርባይን የገጠማችሁ ደግሞ ከዚህ የባሰ መታገሥ አለባችሁ። ከዝቅተኛው ዙር እስከ ሙሉ ኃይል ጥቂት ሰከንዶች ይፈጃል። አሜሪካ ውስጥ የሞዴል ኤሮኖቲክስ አካዳሚ ተርባይን ለሚያበሩ አባላቱ የተለየ ፈቃድ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

የአፍንጫ ጎማ ካነሣሁ አይቀር፣ እውነተኛዋ ኤፍ-5ኢ ስትነሣ የአፍንጫ እግሯ ይረዝም ነበር። ገና መሬት ላይ እያለች ክንፏ አየሩን በቀና ማዕዘን እንዲይዝ፣ በአጭር ርቀት እንድትነሣ ነው። በሞዴሉም ተጠቀሙበት፤ ስትቆም አፍንጫዋ ከጭራዋ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ቀና ይበል። አፍንጫዋ ካዘቀዘቀ ማኮብኮቢያው እስኪያልቅ ትሮጣለች፣ ከዚያ በድንገት ትዘላለች። የአየር ማስገቢያዎቿ ከአፍንጫ ጎማዋ ኋላ ስለሆኑ ጎማው የሚበትነው ጠጠር በቀጥታ ፋኑ ውስጥ ይገባል። ማኮብኮቢያውን ጥረጉ።

ጋይሮ (ጄቷን በራሱ የሚያረጋጋው መሣሪያ) አልወድም። ስቶል ልታደርግ ስትል የሚወድቀውን ክንፍ በኤለሮን (ጄቷን ወደ ጎን በሚያዘነብለው የክንፍ መሪ) ሊያነሣው ይሞክራል፤ ያ ደግሞ የደከመውን ክንፍ የባሰ ያደክመዋል። ከዚህም በላይ ክንፏ እየከዳት እንደሆነ የሚነግረውን ንዝረት ይደብቅባችኋል። ቢሆንም ነፋስ በሚያስቸግርበት ቀን ለማረፍ ሲቃረቡ ይረዳል፤ እኔም ጄቴ ላይ አለ። የስቶሉን ሙከራ ግን ዘግታችሁት ሥሩ።

የሜሪላንዱ ልጅ በክረምት ወደ አዲስ አበባ ይዟት ሊሄድ እንዳሰበም ጽፎልኛል። መጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቅ፤ በሪሞት የሚበር ነገር ያለ ፈቃድ አይገባም፣ አይበርምም። ባለ ስድስት ሴል 6000ው ባትሪህ 133 ዋት ሰዓት ነው፤ ከ100 ስለሚያልፍ አየር መንገዱን አስፈቅደህ በእጅ ሻንጣ ትይዘዋለህ። ከዚያ አየሩን አስብ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ነው፤ አየሩ ሜሪላንድ ካለው በአምስተኛው ያህል ይሳሳል። 50 ላይ ስቶል ታደርግ የነበረችው ጄትህ 56 ላይ ታደርጋለች፣ በ65 ትመጣ የነበረችው በ73 መምጣት አለባት። የፋኑም ጉልበት ስለሚቀንስ በ50 ሜትር ትነሣ የነበረችው ወደ 80 ሜትር ትፈልጋለች። የክብደት ማዕከሏን መመሪያው ከፈቀደው ክልል የፊተኛው ምልክት ላይ አድርገው፤ ጎማው ወርዶ፣ ባትሪው ገብቶ ነው የሚለካው።

እዚያም ዓይንህ ፈጠነች ይልሃል። አጠገብህ የሚቆመው ሰው፣ አጎትህም ቢሆን፣ ይልሃል። ከመነሣትህ በፊት ንገረው፦ ፍጥነቷን አትንገረኝ፤ ስንት ደቂቃ እንደሆነና ስታጠፍ ክንፏ ከ30 ዲግሪ ማለፉን ብቻ ንገረኝ።